«ባለቤትዎን ይዘው ይምጡ» ያለችኝ ሐኪም

አለሁ! ከሁሉ በፊት እሱን ልንገራችሁ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ እስቃለሁ፤ ሲያሰኘኝም መሪ ይዤ አንጎራጉራለሁ። አምና በዚህ ወቅት ያየኝ ሰው ይህን ቢሰማ «ውሸታም» ይለኛል፤ አልፈርድበትም። ለመጻፍ የተቀመጥኩት ደስታዬን ለብቻዬ መያዝ አቅቶኝ ነው። ሰውነቱ እየጮኸበት «ምንም አልሆንኩም» እያለ ከሚዞረው ሕዝብ መካከል አንድ ሰው እንኳ ይህን አንብቦ ሐኪም ቤት ከሄደልኝ፣ ጣቴ እስኪደነዝዝ ስልክ ላይ መጻፌ አይቆጨኝም።

ስሜ ሰይድ ነው። ትውልዴ ወሎ፣ ኑሮዬ ገርጂ፣ ሥራዬ የተማሪ ሰርቪስ። ጠዋት ከሲኤምሲ አካባቢ ልጆች እሰበስብና ቦሌ ትምህርት ቤታቸው አደርሳለሁ፤ ከሰዓት መልሼ ለየቤታቸው አስረክባለሁ። ከኋላ ከልጆቹ ጋር እትዬ ብርቄ አሉ። ገርጂ ገና እርሻ ሳለ እዚያው የተወለዱ እናት ናቸው፤ የልጆቹን ቀበቶ ያስራሉ፣ አፍንጫ ይጠርጋሉ፣ የተጣላውን ያስታርቃሉ።

የሰው ልጅ ጭኖ መንዳት ሲሚንቶ ጭኖ እንደመንዳት አይደለም። ሞተር ሳይክል በጎኔ ሽው ባለ ቁጥር ነፍሴ ትወጣለች። ወላጆችም ይደውላሉ። «ሰይድ፣ የት ደረሳችሁ?» «ሰይድ፣ ሹራቧን አውልቃለች?» ከሁሉም የሚብሰው የሶልያና አባት ነበር፤ ልጁን ከመኪናዬ እስክትወርድ ድረስ በስልክ ይከተላታል። ልጆቹን አድርሼ «እፎይ» ስል ደግሞ የዘመድ ተራ ይሆናል። ከአረብ አገር የምትገባ የአክስት ልጅ አለች፣ ቦሌ ኤርፖርት ሄደህ ተቀበል። ሾላ ገበያ በርበሬ የገዛች አማት አለች፣ ጫንላት። መኪና ያለው ዘመድ እኔ ብቻ ነኝ፤ እምቢ ማለት ደግሞ አፌ አልለመደም። «ሰይድ ተለወጠ» ከሚሉኝ ወገቤ ቢቀነጠስ እመርጥ ነበር። ዓመታት እንዲህ ሄዱ።

የመጀመሪያው ምልክት ኢምፔሪያል ላይ መጣ። መንገዱ እንደ ልማዱ ተዘግቷል፣ ሚኒባሶች ይጋፋሉ፣ ረዳቶች ይጯጯሃሉ። በድንገት ልቤ ደረቴን ይደበድበው ጀመር። ሮጬ ቢሆን፣ ደንግጬ ቢሆን እሺ፤ እኔ እኮ ቁጭ ብያለሁ! መዳፌ በላብ ራሰ፣ ጣቶቼን ነዘረኝ፣ መስኮት ከፍቼ አየር ፈለግሁ። ጥቂት ቆይቶ ለቀቀኝ። «ቁርስ ሳልበላ ወጥቼ ነው» ብዬ ለማንም ሳልናገር ቀረሁ።

ከዚያ ሌላው ሁሉ ተከትሎ መጣ። ሆዴ ይቃጠላል። ጠዋት ስነሳ መንጋጋዬን ያመኛል፤ ለካ ጥርሴን ሳፋጭ ነው የማድረው። እንቅልፌ እየሳሳ ሄደ፤ ጨለማው ውስጥ ዓይኔን አፍጥጬ «ነገ ፍሬን ቢበጠስስ?» እያልኩ አስባለሁ። ይባስ ብሎ መርሳት ጀመርኩ። አንድ ቀን በየቀኑ የምቆምበትን የሶልያናን በር አልፌ ስሄድ ልጅቷ «ጋሽ ሰይድ፣ ቤቴን አለፍከው እኮ!» ብላ ጮኸች። ልጆቹ ሳቁ። እኔ ግን እንዴት እንደፈራሁ!

ቤት ውስጥም የማልቀረብ ሰው ሆንኩ። ባለቤቴ ዘሀራ ሳህን ቢወድቅባት እጮሃለሁ፤ ዝም ብትል «ለምን ዘጋሽኝ?» እላለሁ። ስልክ ሲጮህ ክፍሉን ለቅቄ እወጣለሁ፤ ድምፁ ራሱ ስለሚያንቀጠቅጠኝ ነው። እሷ ግን መውጣቴን ብቻ ነበር የምታየው።

እንግዲህ ክሊኒክ ተጀመረ። የአዲስ አበባ ሰው ታሞ ሲሄድ መጀመሪያ የሚሰጠው በሽታ ታይፎይድ ነው። ደም ሰጥቼ ጠበቅሁ፤ የክሊኒኩ ልጅ ወረቀቱን አየና «ታይፎይድም ታይፈስም አለብህ» አለኝ።

«ሁለቱም?»

«ሁለቱም።»

መርፌውን ተወግቼ ጨረስኩ፤ ልቤ እንደሆነ መደብደቡን አልተወም። ሁለተኛው ክሊኒክ «ጨጓራ ነው፣ ባክቴሪያ አለብህ» ብሎ እፍኝ ሙሉ ክኒን አሸከመኝ። ሦስተኛው ሆዴን በአልትራሳውንድ አይቶ «ኩላሊትህ ውስጥ አሸዋ አለ፤ ውሃ በብዛት ጠጣ» አለኝ። ኢምፔሪያል ላይ ተዘግቶባችሁ፣ ያን ሁሉ ውሃ ጠጥታችሁ፣ ከኋላ ልጆች ጭናችሁ እዩት እስቲ! ጎረቤት «ብርድ ነው» ብሎ ፌጦ አጠጣኝ። ደሴ ያለችው አክስቴ «ዓይን ነው» ብላ ቁርኣን አስቀራችብኝ። እውነት ለመናገር ከሁሉም ጥቂት ያረጋጋኝ እሱ ነው፤ ዓይኔን ጨፍኜ ዝም የምልበት ብቸኛው ሰዓት ነበርና። ዘሀራ ለስፌት መኪና ያጠራቀመችው ገንዘብ ግን በየመድኃኒት ቤቱ ቀረ። አንድም ቀን አላነሳችብኝም።

ያቺ ክፉ ቀን ከሰዓት በኋላ መጣች። ልጆቹን ጭነን ገርጂን ስናልፍ ከኋላ ይዘምራሉ። ደረቴን አንድ ነገር ጨምድዶ ያዘኝ። ትንፋሼ አጠረ፣ ዓይኔ ጭጋግ ለበሰ። እንዴት አድርጌ ወደ ዳር እንዳወጣሁት አላህ ነው የሚያውቀው! ሞተሩን አጥፍቼ መሪው ላይ ተደፋሁ። ያን ጊዜ በአፌ የነበረው አንድ ነገር ነው፤ «ልጆቹ! ልጆቹ!»

«ያ ዋቃዮ፣ አምላኬ! ሰይድ! ቀና በል፣ እየኝ!» አሉ እትዬ ብርቄ።

ዝማሬው ቆመ። ሶልያና ከወንበሯ ብድግ ብላ «ጋሽ ሰይድ፣ አር ዩ ኦኬይ?» አለችኝ። እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለች።

እትዬ ብርቄ ወርደው የምናውቀውን የሌላ ሰርቪስ ሹፌር አስቆሙ፤ ልጆቹን በሙሉ እሱ አደረሰልን። እኔን ደግሞ ታክሲ ውስጥ አስገብተው፣ በነጠላቸው ጫፍ እያራገቡልኝ፣ እጄን ሳይለቁ ሆስፒታል ወሰዱኝ። «አንተ ልጅ፣ ብትሞት አልለቅህም!» ይሉኛል። በዚያ ሁሉ መሐል ሳቄ መጣ።

ድንገተኛ ክፍል ደረቴ ላይ ሽቦ ለጥፈው ልቤን መረመሩ። ደም ወሰዱ። ጠበቅን። አጠገባችን አንዲት ሴት ልጇን አቅፋ ታንጎራጉራለች፤ እኔ በሩ በተከፈተ ቁጥር እዘላለሁ። መጨረሻ ላይ አንዲት ወጣት ሐኪም መጣች። «ልብዎ ደህና ነው» አለችኝ፤ ደም ግፊቴ ግን ጣራ ነክቷል። የግፊት መድኃኒት ጻፈችልኝ። ከዚያ ሌሎቹ ጠይቀውኝ የማያውቁትን ጠየቀችኝ። እንዴት ነው የሚተኙት? ሲከፋዎት ለማን ነው የሚናገሩት? እኔም «ለማንም» አልኳት። እሷም ካርዴ ላይ አንድ ነገር ጻፈችና እንዲህ አለች፤

«ለጊዜው ልጆች አይጭኑም። በሚቀጥለው ቀጠሮ ባለቤትዎን ይዘው ይምጡ።»

አለቀ! በኛ አገር ይህ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ አለ? ክፉ በሽታ ለበሽተኛው አይነገርም። ቤተሰብ ይጠራል፣ በር ይዘጋል፣ ለቤተሰብ ይነገራል። ቤተሰብ ፊቱን ታጥቦ ይወጣና ለበሽተኛው «ጨጓራ ናት፣ ትድናለህ» ይለዋል። እኛም አባታችንን እንዲያው ነው የሸኘነው፤ «ጨጓራ ነው፣ አብሽር» እያልን። ታዲያ እኔንስ ስንቱ ነው «ጨጓራ ነው» ያለኝ? ሁሉም ተነግሯቸው የደበቁኝ መሰለኝ። የእትዬ ብርቄ እጄን አለመልቀቅ እንኳ ምስክር ሆነብኝ።

ለዘሀራ አልነገርኳትም፤ ልጆቹን ያ ሹፌር ሲይዝልኝ እሷን «መኪናው ጋራዥ ነው» አልኳት። ቀጠሮውን ደበቅሁና መሰነባበት ጀመርኩ። እኛ ወሎዎች ሰው ሐጅ ሊሄድ ሲል ወይም ሞት ሲሸተው «አፉ በሉኝ» ይላል፤ ይቅር በሉኝ ማለት ነው። እኔም ተነሳሁ። ሾላ ቅመም የሚሸጠው የአጎቴ ልጅ ጋ ሄጄ «አፉ በለኝ» አልኩት፤ ደንግጦ ኮረሪማ ሰጠኝ። በየጊዜው የምንጨቃጨቀው ትራፊክ ፖሊስ ጋ ሄድኩ።

«ወንድሜ፣ አፉ በለኝ።»

«ምን አጥፍተህ ነው?»

«ምንም። በቃ ከልብህ ይቅር በለኝ።»

አፈጠጠብኝ። «ሰው ገጭተህ ነው አይደል? መንጃ ፈቃድህን አምጣ!» ለማስረዳት የፈጀብኝን መከራ እኔ ነኝ የማውቀው።

መጨረሻ ላይ ዘሀራ ቀረች። ልብስ እያጣጠፈች ሳለ ፊቷ ቁጭ አልኩ። የመጀመሪያ ቃሌ ሳይወጣ እንባዬ ቀደመ። «ዘሀራ፣ በድዬሽ ከሆነ አፉ በይኝ» አልኳት።

ልብሱን አስቀመጠችው።

«ማናት?» አለች።

«ማን?»

«ሁለተኛዋ ናታ! ስልክ ሲደወል ትወጣለህ፣ ሌሊት አትተኛም፣ አሁን ደግሞ አፉ በይኝ። መቼ ነው ኒካህ ያሰርከው? ንገረኝ፣ አልጮህም!» እየጮኸች ነበር።

ወላሂ፣ እያለቀስኩ ሳቅሁ! ሳቁ ደግሞ አላቆም አለኝ። እሷ ይበልጥ ተናደደች። በመጨረሻ እየተደናቀፍኩ ሁሉንም ነገርኳት፤ የደረቴን፣ የፍርሃቴን፣ የሐኪሟን ቃል። «ባለቤትዎን ይዘው ይምጡ» የሚለው ላይ ስደርስ ዘሀራ ጠጋ አለችኝ። እሷም ያገሬ ሰው ናት፤ ገብቷታል። እጇን ጉልበቴ ላይ አድርጋ «ለምን ለብቻህ ተሸከምከው?» አለችኝ። ይቺ ጥያቄ ከክኒኑ ሁሉ በፊት መዳኔን የጀመረችው ይመስለኛል።

በቀጠሮው ቀን ዘሀራ የኢድ ቀሚሷን ለበሰች። ለምን እንደሆነ ስጠይቃት «ክፉ ወሬ ተጎሳቁዬ አልሰማም» አለች። መጠበቂያ ክፍሉ ውስጥ ቴሌቪዥኑ ድምፁ ጠፍቶ ሰዎች ይሳሳቁበታል፤ እኛ እጅ ለእጅ ተያይዘን ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጠናል። ስሜ ሲጠራ ዘሀራ ቀድማኝ ተነሳች።

ዘሀራ ገና ሳትቀመጥ «ዶክተር፣ እኔ እወጣና ይንገሩኝ? ማለቴ እሱ ይውጣ?» አለች።

«ለምን ይወጣል?»

«እንዴ፣ እንድመጣ ያሉት ለሱ የማይነገር ስላለ አይደል?»

ሐኪሟ አንዴ እሷን አንዴ እኔን አየች። ከዚያ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። «ይህን ሁሉ ቀን እሞታለሁ ብለው ነው የቆዩት? ውይ! ጥፋቱ የኔ ነው፣ ማስረዳት ነበረብኝ» አለች። «ጋሼ፣ አይሞቱም! ሕመምዎ ሥር የሰደደ ጭንቀት ነው።»

ደስ ሊለኝ ሲገባ ተቆጣሁ! «ጭንቀት? እኔ እብድ ነኝ እንዴ?»

«አይደሉም። የፈጠሩትም ነገር የለም። ልብዎ በእውነት መትቷል፣ ግፊትዎ በእውነት ወጥቷል፣ ሆድዎ በእውነት ተቃጥሏል» አለችና አስረዳችኝ። ሰውነታችን አደጋ ሲያይ ለሩጫ ወይም ለትግል ይዘጋጃል፤ ልብ ይፈጥናል፣ ግፊት ይጨምራል፣ እንቅልፍ ይሸሻል፣ ሆድ ሥራውን ያዛባል። አደጋው ሲያልፍ ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል። የኔ ግን አልተመለሰም፤ ጠዋት ልጆች፣ ቀን ስልክ፣ ማታ ዘመድ። መኪናው ውስጥ የያዘኝ ደግሞ ፓኒክ አታክ ይባላል፤ ድንገት የሚወር የፍርሃት ማዕበል ነው፣ ሞት ይመስላል እንጂ ሞት አይደለም። በኔ ሙያ ገባኝ፦ የእጅ ፍሬን ይዤ ነዳጅ ስረግጥ ኖሬያለሁ።

«ታዲያ እኔን ለምን ጠሩኝ?» አለች ዘሀራ።

«መድኃኒቱ ለብቻቸው የሚዋጥ ስላልሆነ ነው። የግፊቱን ክኒን ይውሰዱ፣ የሥነ ልቦና ባለሙያም ያያሉ። ግን ቤታችሁ ካልተለወጠ…»

ይህን እያለች ስልኬ ጮኸ። ብድግ አልኩ፤ እንደ ልማዴ ወደ በሩ ዞርኩ። ዘሀራ ከኪሴ መንጭቃ አነሳችው። የአጎቴ ልጅ ነው፣ እንግዳ ስለሚመጣበት ኤርፖርት እንድደርስለት።

«ሰይድ ሐኪም ቤት ነው። አይመጣም። ታክሲ ያዙ» አለችና ዘጋችው።

በቃ! ሰማይ አልተደፋም። የአጎቴ ልጅ አልሞተም፣ እንግዳውም ቦሌ አልቀረም። ሐኪሟ ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋ አድርጋ «እንዲህ ነው መድኃኒቱ!» አለች።

ስልኬ ወደ ዘሀራ እጅ ገባ። ከሱብሒ ሰላት በኋላ በእግሬ እወጣ ጀመር፤ ለካ የሰፈሬን ዛፎች አላውቃቸውም ነበር። የሥነ ልቦና ባለሙያው ጋ ስሄድ መጀመሪያ ኮፍያዬን እስከ ቅንድቤ አወርድ ነበር፣ ሰው እንዳያየኝ። ፍርሃቱ ሲመጣ እንዳልታገለው፣ ትንፋሼን አርዝሜ እንዳሳልፈው አስተማረኝ። ወዲያው አልዳንኩም፤ መሐል ላይ ተመልሶ ጥሎኛል፣ ተስፋም ቆርጫለሁ። አንድ ጠዋት ግን ዘሀራ ቀሰቀሰችኝ። ቀሰቀሰችኝ እላችኋለሁ! ተኝቼ ነበር! ሁለታችንም አልጋው ላይ ቁጭ ብለን እንደ ሕፃን ሳቅን።

የቀረው ትልቁ ነገር ነበር። ሐኪሟ «አሁን መንዳት ይችላሉ» ብላኛለች። ግን ወላጆች «ጭንቀት» የሚለውን ከሰሙ ማን ልጁን ይሰጠኛል? «ሹፌሩ አበደ» ከተባለ ሲኤምሲ ውስጥ ዳግመኛ መሪ አልይዝም። ለወላጆች «ጨጓራ ነበር» ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ ደግሞም ማንም ያምናል። ዘሀራን ጠየቅኋት።

«እኛ የልጆቹ ወላጆች ብንሆን ሹፌራችን ምን እንዲነግረን እንፈልጋለን?» አለችኝ። ሌላ አልጨመረችም።

ወላጆች ቅዳሜ ከሰዓት አንዱ ግቢ ውስጥ ተሰበሰቡ። እትዬ ብርቄ ከጎኔ ተቀመጡ። ሁሉንም ተናገርኩ፤ ምን እንደያዘኝ፣ ምን እንደምወስድ፣ ሐኪሟ ምን እንዳለች። ስጨርስ የሶልያና አባት ተነሳ።

«ሰይድ፣ አከብርሃለሁ። ግን ልጄን እንዲህ ለታመመ ሰው አልሰጥም» አለና ሄደ።

ሌሎቹ ግን አልተነሱም። አንዷ እናት በር ላይ ጠጋ ብላ በሹክሹክታ «የሐኪሟን ስልክ ትሰጠኛለህ?» አለችኝ። ከእሷ በኋላ አንድ አባት። ከሱ በኋላ ሌላ። ለካ ያን ሁሉ ጊዜ ስንደዋወል የነበርነው ሰዎች እኩል ነበር የምንንቀጠቀጠው!

እናንተ የምታነቡ፣ ደረታችሁን ሲወጋችሁ «ሰይድ ጭንቀት ነው ብሏል» ብላችሁ ቤት እንዳትቀመጡ፤ መጀመሪያ ልባችሁን ታዩ። ልባችሁ ደህና ነው ከተባላችሁ ደግሞ እዚያ ላይ አታቁሙ፣ ጠይቁ። «ጭንቀት ነው» ቢሏችሁም እንደኔ አትቆጡ። ወደ ሐኪም ስትሄዱ የምትወዱትን ሰው «ይምጣ» ሳትባሉ ይዛችሁ ሂዱ።

ወደ ሥራ በተመለስኩበት ሰሞን አንድ ጠዋት ሲኤምሲ ውስጥ ልጆች እየሰበሰብኩ ሳለ የሶልያና አባት ከልጁ ጋር መንገድ ዳር ቆሞ እጁን አወዛወዘልኝ። ቦርሳዋን ይዞላታል። ፊቱ ከስቷል። መስኮቱን ዝቅ አደረግሁ።

«ሌላ ሰርቪስ አስገብቻት ነበር» አለኝ። ቦርሳዋን ወደ ሌላ እጁ አዛወረ። «ሹፌሩ ደህና ነኝ ይላል፤ ስጠይቀው ሁልጊዜ ደህና ነኝ ይላል። ስትታመም የነገርከኝ አንተ ብቻ ነህ።»

ልጁን በራሱ እጅ አስገብቶ ቀበቶዋን አሰረላት። እንባዬ መጣ፤ አልደበቅሁትም። በሩን ዘጋው፣ እኔም ማርሽ አስገባሁ።